ለአባትየው ያልተነበበው ደብዳቤ

እትዬ ውብነሽ ማረፋቸውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ስዊድን ውስጥ ከምንኖርበት ከኡፕላንድስ ቬስቢ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደኝ ባቡር ውስጥ ነበርኩ። ስልኩን ሳነሳ፣ «ሳሮንዬ፣ እትዬ ውብነሽ ወደ ጌታ ሄዱ» አለችኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የማለቅስ መስሏት ነው መሰለኝ፣ ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ሰጠችኝ። ተቀበልኳት። ግን አላለቀስኩም።

መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም፤ እፎይታ ነው። ያደረግኩትን የሚያውቁ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። እሳቸውም ከእንግዲህ ለማንም አይናገሩም ብዬ አሰብኩ። በሕይወት ሳሉም ለማንም እንዳልተናገሩ ትዝ ያለኝ ሁለት ጣቢያ ካለፍን በኋላ ነው። ሶፍቱን የተጠቀምኩበት ያኔ ነው።

እትዬ ውብነሽ ዩልስታ ውስጥ፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ የመጨረሻ ጣቢያ አምስት ደቂቃ በሚያስኬድ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስዊድን አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞሩ ሲያጥቡ፣ ሲያለብሱና ሲያበሉ ኖረዋል። አጭር ነበሩ፤ ሲራመዱ ግን እኛ ልጆቹ ነበርን የምንሮጠው። ክረምት ከበጋ የማትለያቸው ሰማያዊ የዝናብ ጃኬት ነበረቻቸው። በኪሷ ውስጥ ሁልጊዜ በቢላ የተቀረጹ ሦስት አራት እርሳሶች ይገኙ ነበር። መቅረጫ አይወዱም። «እርሳሱን ይበላዋል እንጂ አይቀርጸውም» ይላሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ቬሊንግቢ ውስጥ በሚከራየው አዳራሽ፣ አማርኛ ያስተምሩን ነበር። አብዛኞቻችን የሚሉትን እንሰማለን፤ የምንመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። እሳቸው ስዊድንኛውን ከሁላችንም ወላጆች አሳምረው ይችላሉ፤ ነገር ግን አንድ ልጅ በስዊድንኛ ሲመልስላቸው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና፣ «አልሰማሁም፤ ይሄ ጆሮዬ አዲስ አበባ የተሠራ ነው» ይሉታል። ልጁ በአማርኛ እስኪደግመው ድረስ አይንቀሳቀሱም። አንድ ጊዜ አንዱ ልጅ «ሌላኛውስ ጆሮዎ?» ብሎ ጠየቃቸው። «እሱ ሥራ ላይ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል» አሉት።

ላጲስ ክፍል ይዞ መግባት ክልክል ነበር። «የተሳሳትሽውን አታጥፊው» ይሉናል። «አንድ መስመር አስምሪበትና ትክክለኛውን ከሥሩ ጻፊ። የት እንደሳትሽ ይታይ፤ አያሳፍርም።» የሁሉም ልጆች ደብተር በመስመር የተሞላ ነበር፤ የእኔ ብቻ ንጹሕ ነበር። እሳቸው ሲያዩት «አይ ጉብዝና!» እንዲሉኝ ስለምፈልግ፣ ቤት ውስጥ በላጲስ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጽፌ ነበር የምመጣው። ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቀን ደብተሬን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አይተው ዝም ብለው መልሰውልኛል።

በቤተ ክርስቲያናችን አንድ ልማድ አለ። አገር ቤት የታመመ ወይም የተቸገረ ሰው ሲኖር፣ እሑድ ከስብከቱ በኋላ ስለ እሱ የተጻፈ ደብዳቤ ይነበባል፤ ሰውም እንደ አቅሙ ይሰጣል። ደብዳቤዎቹን የሚጽፉት እትዬ ውብነሽ ነበሩ። የራሳቸው አሠራር ነበራቸው፤ አንድም ጊዜ ሲያጎድሉት አላየሁም። ደብዳቤው ሰው ፊት ከመነበቡ በፊት የሚለመንለት ሰው ጋ ደውለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነቡለታል። «ስሙን አንስቼ የምለምንለት ሰው መጀመሪያ እሱ ይስማው» ነበር የሚሉት።

የሚደውሉት ደግሞ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። እዚህ አገር በየሕንፃው ምድር ቤት የጋራ ማጠቢያ አለ፤ ተከራይ ሁሉ የራሱን ሰዓት ይይዛል። እትዬ ውብነሽ ሐሙስ ጠዋትን ለዓመታት አልለቀቁም። ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ የቤታቸው ቁጥር የተጻፈባትን ትንሽ ቁልፍ ሐሙስ ላይ ይሰኩና፣ ልብሱን ማሽን ውስጥ ጨምረው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። «በሰዓቴ ማንም አያስነሳኝም» ይላሉ። ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ስልኩን አፋቸው ፊት እንደ ዳቦ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ባነበቡ ቁጥር ቆም ይላሉ፤ «ልክ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ልክ ካልሆነ ያሰምሩበትና ከሥሩ ይጽፋሉ።

የመጨረሻ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ሐሙስ ጠዋት ትምህርት ስላልነበረኝ አንሶላ ላጥፍላቸው እሄድ ነበር። የታንጉት ደብዳቤ ሲነበብ እዚያው ነበርኩ።

ታንጉት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። መንደራቸው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከመኪና መንገድ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል። እህል የጫነ ጋሪ ተገልብጦ እግሯ ላይ ወደቀ። ወጌሻ አሰረላት፤ አጥንቱ ግን ጠሞ ገጠመ፤ ቁስሉም አልደርቅ አለ። ከተማ ያሉት ሐኪሞች ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል አሉ፤ መጀመሪያ አጥንቱን ለማጽዳት፣ ቀጥሎ ለማቃናት። ሁለተኛውን የሚሠራው የአጥንት ሐኪም ከውጭ የመጣ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ይቆያል። እሱ ሳይሠራላት ከሄደ እግሯ ሊቆረጥ እንደሚችል ለአባትየው ነግረዋቸዋል። ይህን ሁሉ ያስታወቀን የመንደሩ አስተማሪ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን የአንዲት እህት ወንድም ነው።

አባትየው አቶ ሽፈራው ይባላሉ። እትዬ ውብነሽ ሲያነቡላቸው በየመሀሉ «ልክ ነው፣ እትዬ» ይሉ ነበር። ከተማ ወስደው ለማስመርመር አንድ በሬ መሸጣቸው የተጻፈበት ላይ ሲደርሱ አስቆሟቸው። «ሁለተኛውን በሬ ያልሸጥኩበትንም ይጻፉልኝ» አሉ። «ሌሎቹን ልጆች የማበላበት ስለሆነ ነው። ገንዘብ ሰስቼ እንዳይመስላቸው።» እትዬ ውብነሽ ጻፉት። መልሰው አነበቡላቸው። አቶ ሽፈራውም «አሁን ልክ ነው» አሉ።

አስተማሪው ፎቶግራፍም ላከ። ታንጉት በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ አባቷ ከኋላዋ ቆመዋል፤ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳርፈዋል። ጥቁር ኮት ለብሰዋል። እጅጌው ትንሽ አጠር ይላል፤ ለፎቶው ብለው ከጎረቤት የተዋሱት መሆን አለበት።

እሑድ ደብዳቤው ተነበበ፤ ሰውም ሰጠ፤ ግን አልበቃም። ያኔ ነው እኔ ኢንተርኔት ላይ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ገጽ ከፍተን ብንሞክር ያልኩት። እትዬ ውብነሽ ጥቂት አሰቡና፣ «የኢንተርኔቱን አንቺ ታውቂያለሽ። ደብዳቤው ግን ያው ይሁን» አሉኝ። «ያው ይሆናል» አልኳቸው። በአማርኛና በስዊድንኛ አወጣሁት። ሳምንት ሙሉ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬና ከእናቴ በቀር የሰጠ ሰው አልነበረም።

ቀኑ እየሄደ ነበር። የሌሎችን ገጾች መመልከት ጀመርኩ። የጠየቁት ገንዘብ የሚሞላላቸው ገጾች ላይ ልጁ ብቻውን ነው፤ ዓይኑ ሰው ላይ ያፈጥጣል። ከጎኑ ኮት የለበሰ አባት የለም። ስለዚህ አቶ ሽፈራውን ከፎቶግራፉ ቆረጥኳቸው። እጃቸው ግን ራሷ ላይ ነበር፤ እሱን ለማውጣት የልጅቷን ፀጉር አብሬ ቆረጥኩት። ከዚያ ጽሑፉን ለወጥኩ። የበሬዎቹን ነገር አወጣሁ። «ታንጉት ከጨለማ ቤት ጥግ ተጥላለች፤ የሚያስብላት ሰው የለም» ብዬ ጻፍኩ። ስጽፈው እንባዬ መጥቶ ነበር። እንባዬ ከመጣ እውነት ነው ብዬ አሰብኩ።

ገጹ በአራት ቀን ሞላ። እሑድ እትዬ ውብነሽ በሰው ሁሉ ፊት ጎትተው አቀፉኝ፤ «የእኔ ተማሪ ናት!» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ታንጉት ሆስፒታል ገባች፤ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በደህና ተሠራ። አልጋዋ ባለበት ክፍል እናቱን የሚያስታምም አንድ ወጣት ነበር። ገጹን ስልኩ ላይ ያገኘዋል፤ ልጅቷንም ከፎቶግራፉ ይለያታል። ደስ እንዲላቸው ብሎ የአማርኛውን ጮክ አድርጎ ለክፍሉ ሁሉ አነበበው።

ይህን ያወቅነው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው። አቶ ሽፈራው ራሳቸው ደወሉ። እትዬ ውብነሽ ድምፁን ከፍ አድርገውት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እትዬ፣ ያነበቡልኝና የወጣው አንድ አይደለም» አሉ። «የሚያስብላት ሰው የለም ይላል። እኔ አልጋዋ ሥር መሬት ላይ ተኝቼ ነው የተነበበው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጄም ሰማች።»

አቶ ሽፈራው ቀጠሉ።

«በዚህ ገንዘብ አላሳክማትም። ይዣት ወጥቻለሁ፤ አሁን መንገድ ላይ ነን።»

እትዬ ውብነሽ ወደ እኔ አዩ። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው። አንሶላውን በሁለት ጫፉ ይዤ ቆሜ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ስልኩ መልሰው፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አቶ ሽፈራው። ያነበብኩልዎትን አልጠበቅሁም» አሉ። እኔ አፌን አልከፈትኩም። ስልኩ ተዘጋ።

አልጮሁብኝም። «ገጹን ክፈቺና አንብቢልኝ» ብቻ አሉኝ። ማሽኑ እየተሽከረከረ አነበብኩላቸው። ድምፄን ዝቅ ሳደርግ «አልሰማሁም» ይላሉ። ያን ቀን ግን እንደ ቅዳሜው በጆሯቸው አልቀለዱም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ይህን ለእሳቸው አንብበሽላቸዋል?»

«አላነበብኩም።»

«ታዲያ ለማን ጻፍሽው?»

ለታንጉት ነው እንዳልል፣ ስጽፈው በዓይኔ የነበሩት የሚያቅፉኝ እትዬ ውብነሽ ነበሩ።

ገጹን እንዳስተካክል ነገሩኝ፤ የተሳሳተው ላይ መስመር ተሰምሮበት ትክክለኛው ከሥሩ እንዲጻፍ። ቤቴ ስገባ ግን የተሳሳተውን አጠፋሁት። የመጀመሪያውን ደብዳቤ መልሼ ለጠፍኩ፤ እንደዚያ የነበረ አስመሰልኩት።

ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ አስቀሩኝ። የዚያን የሆስፒታል ወጣት ቁጥር አግኝተው ነበር፤ ደወሉለት። ወጣቱ ደንግጦ ብዙ ይቅርታ ጠየቀ፤ እትዬ ውብነሽም «አንተ የተጻፈውን ነው ያነበብከው» ብለው አጽናኑት። ከዚያ ስልኩን ለክፍሉ በሙሉ እንዲያሰማላቸው ለመኑት። ትክክለኛው ደብዳቤ እጃቸው ላይ ነበር። ወደ እኔ ዘረጉት። «አንቺ ታነቢዋለሽ ወይስ እኔ ላንብበው?» አሉ። «እርስዎ ያንብቡት» አልኳቸው። ወረቀቱን ሰበሰቡ። የበሽተኞቹን ሳል፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የሆነ ሰው «ዝም በሉ እስቲ!» ሲል እየሰማን አነበቡት፤ ሁለተኛው በሬ ለምን እንዳልተሸጠ ጭምር። ሲጨርሱ፣ «የፊተኛው ሐሰት ነው፤ በእኔ ስም የወጣ ነው። አባቷ አልጋዋ ሥር ሲተኙ ያያችሁ እናንተ ናችሁ» አሏቸው።

በማግስቱ እሑድ ቬሊንግቢ አዳራሽ ውስጥ ቆሙ። ያንኑ ደብዳቤ አነበቡ፤ የተሳሳተ ጽሑፍ ወጥቶ እንደነበር ተናገሩ፤ በዚያ ምክንያት የሰጠ ሰው ካለ መልሶ መውሰድ እንደሚችል ነገሩ። አንድ ሰው ከኋላ፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ ያነበቡልን ሁሉ እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ውብነሽ፣ «ልክ ነዎት፤ ይጠይቁ» አሉት። ከዚያ ዝም ብለው ቆሙ። ወደ እኔ አላዩም። የሚጠብቁት ግን እኔን እንደሆነ አውቄዋለሁ።

የመዝሙሩን ቃል ግድግዳው ላይ የማወጣው እኔ ነበርኩ። ጣቴ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። ዝምታው ሲረዝምብኝ ቁልፉን ተጫንኩ፤ የሚቀጥለው መዝሙር ግድግዳው ላይ ወጣ። ሰው ተነሥቶ መዘመር ጀመረ። እትዬ ውብነሽ ወረቀታቸውን አጥፈው ሰማያዊው ጃኬት ኪስ ውስጥ ከተቱና ቦታቸው ሄደው ተቀመጡ።

ስለ አቶ ሽፈራው አስተማሪው ኋላ እንደነገረን፣ ትክክለኛው ደብዳቤ ሆስፒታል ውስጥ መነበቡን ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት «ማን ማን ሰማው?» ብለው ነው። አስተማሪው ወጣቱ ጋ ደውሎ አገናኛቸው። ወጣቱ ክፍሉ ውስጥ የነበሩትን በሽተኞችና አስታማሚዎች አንድ በአንድ ቆጠረላቸው። በነጋታው ታንጉትን በቃሬዛ አሸክመው ወደ መኪናው መንገድ ወረዱ። ሐኪሙ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ደረሱ። እግሯ ተቃና። ትንሽ ያነክሳታል አሉ፤ ግን በራሷ እግር ትሄዳለች።

ለእትዬ ውብነሽ ግን ነገሩ እዚያ አላበቃም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ለብዙ ዘመን አገልግሎታቸው አመስግነው፣ ከእንግዲህ ደብዳቤውን ኮሚቴ ይጽፈዋል አሏቸው። «እሺ» አሉ። እናቴ ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ምን ነካቸው? እሳቸው እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠሩ ሰው አልነበሩም» አለች። እኔ የባቡሩን መስኮት አይ ነበር።

ቅዳሜ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በእኔ ላይ ፊታቸው አልተለወጠም፤ እሱ ነው የከበደኝ። ትምህርት ልጨርስ ስል ደብተሬን መለሱልኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ የስልክ ቁጥር ተጽፏል።

«የማን ነው?» አልኳቸው።

«የአቶ ሽፈራው።»

«ምን ልበላቸው?»

«እሱን እኔ አላውቅልሽም» አሉ፤ እርሳሳቸውን እየቀረጹ።

ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ነኝ፤ ሰውን ስለ መርዳት እማራለሁ። እትዬ ውብነሽ ሲታመሙ ሁለት ጊዜ ዩልስታ ድረስ ሄጄ ከጣቢያው ተመልሻለሁ። ስልካቸው ላይ የአበባ ምስል እልክ ነበር። «ተባረኪ» ብለው ይመልሱልኛል።

ከቀብራቸው በኋላ ባለው ሐሙስ፣ እናቴና ሌሎች እናቶች ቤታቸውን ሊያጸዱ ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። መጋረጃዎቹን ላጥብ ብዬ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። የቤታቸው ቁጥር ያለባት ቁልፍ አሁንም ሐሙስ ጠዋት ላይ ተሰክታለች። ማንም አልነቀላትም። ሰዓቱ የእሳቸው ነበር። መጋረጃውን ማሽን ውስጥ ጨምሬ የፕላስቲኩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ደብተሬ ላይ የተጻፈልኝን ቁጥር ደወልኩ።

አቶ ሽፈራው ድምፄን አላወቁትም። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። እትዬ ውብነሽ ማረፋቸውንም ነገርኳቸው። «ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። ከዚያ፣ «ስለ እትዬ ውብነሽ አንድ ነገር ልጽፍ እፈልጋለሁ፤ የእርስዎም ስም ስለሚነሣ መጀመሪያ እርስዎ ይስሙት» አልኳቸው። «አንብቢው» አሉኝ።

ያን ቀን የተጻፈ ነገር አልነበረኝም፤ በቃሌ ነው የነገርኳቸው። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን ይህን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ በሁለት እጄ ስልኩን ይዤ አነበብኩላቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር በጨረስኩ ቁጥር ቆም እያልኩ «ልክ ነው?» እላለሁ። አብዛኛው ላይ «ልክ ነው» ይላሉ። ፎቶግራፉን የቆረጥኩበት ላይ ስደርስ «ልክ ነው» አላሉም። ጠበቅኋቸው። «ቀጥዪ» አሉ። ስጨርስ ከሩቅ የልጅ ሳቅ ይሰማ ነበር፤ ታንጉት ትሁን ሌላ ልጅ አልጠየቅኩም።

«የሚስተካከል አለ?» አልኳቸው።

«አንድ አለ» አሉ። «ኮቱ የእኔ ነው። ያኔ ስለ ታንጉት ስትጽፊም አልጠየቅሽኝም፤ አሁንም አልጠየቅሽኝም። የተዋስኩት አይደለም።»

አጠፋዋለሁ ልላቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ከላይ የጻፍኩትን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ የት እንደሳትኩ ይታይ። ከሥሩ ግን እሳቸው እንዳሉኝ እጽፋለሁ፦

ኮቱ የአቶ ሽፈራው ነው። ለሰርጋቸው የገዙት ነው። ያን ቀን የለበሱት ከልጃቸው ጋር ፎቶግራፍ ስለሚነሡ ነው።